ሞተሪኖው ይጮኻል፣ ሞተሩ አይነሳም፦ ዘይት መቀየር፣ ሮለር መለወጥ ወይስ ሙሉውን ዕቃ መግዛት?

ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ብርዱ ጓንት አልፎ ጣት ይቆረጥማል። የሞተር ሳይክሌን ቁልፍ አዞርኩ፣ የዜሮ ማርሽ አረንጓዴ መብራት በራች፣ ስታርቱን ተጫንኩ። «ዝዝዝዝዝ» አለ። እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ባዶውን ይዞራል። ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ደገምኩት፣ ያው ነው። በሦስተኛው «ቋ!» አለና ተነሳ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ። ጠዋት ይንሸራተታል፣ ከሰዓት ደህና ይሆናል። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። «ሞተሪኖው ሞቷል» ተባልኩ፤ ስታርት ስንጫን በባትሪ ጉልበት ዞሮ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ማለት ነው። አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት ያው «ዝዝዝዝዝ»፤ እንዲያውም በአዲስ ጉልበት! የሞተው ሞተሪኖው አልነበረም። ከሱ ቀጥላ ያለችው፣ ጉልበቱን ለሞተሩ የምታስተላልፈው የሞተሪኖ ፍሪሲዮን ነበረች። ያ ብር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን የምጽፈው የእናንተም «ዝዝዝ» ማለት ከጀመረ ከኪሳችሁ በፊት ጆሮአችሁን እንድትጠቀሙ ነው። ምርጫው ብዙ ነው። በእግር እያስነሱ መቆየት ይቻላል። ዘይት መቀየር ይቻላል። ሮለርና ሞላ ብቻ መለወጥ፣ ሙሉውን ዕቃ መግዛት ወይም ከፈረሰ ሞተር ላይ ማውጣትም አለ። ሁሉም በቦታው ልክ ነው፤ ያለ ቦታው ደግሞ ብር ማቃጠል ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንስማማ። እኛ አገር «ሞተር» ሁለቱንም ነው፤ የምንቀመጥበትንም፣ ውስጡ ያለውንም። እዚህ «ሞተር» ስል ውስጡ ያለውን ነው።

ዕቃዋ ምንድን ናት?

ሞተሪኖው ጉልበቱን በቀጥታ ለሞተሩ አይሰጥም። ብዙዎቹ ባለ አንድ ፒስተን ሞተሮች ላይ በትንንሽ ጥርሶች አልፎ ከማግኔቱ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውና ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ የተቀመጠ ትልቅ ጥርስ ያዞራል። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ በጥርስ ፋንታ አጭር ሰንሰለት አለ። ትልቁ ጥርስ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ይቀመጥ እንጂ ከኮሎው ጋር አልታሰረም፤ ብቻውን መዞር ይችላል። መሃሉ ላይ ለስላሳ ክብ አንገት አለው። ይህን አንገት አደራ አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አንገቱ ማግኔቱ ጀርባ ላይ በቡሎን የታሰረ አንድ ቤት ውስጥ ይገባል። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሮለሮች አሉ። እያንዳንዱ ሮለር የሚተኛበት ጎድጓዳ ቦታ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጠባብ ነው። ከሮለሩ ኋላ ቆብ ያላት ትንሽ ሞላ አለች። ሥራዋ ሮለሩን ወደ ጠባቡ መግፋት ነው።

እንጨት ፈልጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ሽብልቅ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር አንገቱ ሮለሮቹን ወደ ጠባቡ ይጎትታቸዋል፣ እዚያ ይወተፋሉ፣ ማግኔቱንና ኮሎውን ይዘው ይዞራሉ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ማግኔቱ ከጥርሱ በላይ ይፈጥናል። ሮለሮቹ ወደ ሰፊው ይመለሳሉ፣ ይለቃሉ። ብስክሌት ላይ ፔዳል መምታት ስታቆሙ የኋላ ጎማው ብቻውን እንደሚሮጠው ማለት ነው። ውስጣቸው ይለያያል፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ «ዝዝዝ» ማለት ሽብልቁ አልነክስም ብሏል ማለት ነው። ወይ ሮለሩ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጥፏል። ወይ ሞላዋ ደክማለች ወይም ተሰብራለች። ወይ ቆቧ በተቃጠለ ዘይት ቆሻሻ ተጣብቃለች። ወይ አንገቱ ተበልቷል።

ጋራዥ ስትገቡ «ፍሪሲዮን» ብቻ አትበሉ። መካኒኩ በግራ እጅ የሚጨበጠውን ነው የሚያስበው። እሱ ሌላ ነው። የሞተሪኖዋ ፍሪሲዮን ሙሉ በሙሉ ብትሞት እንኳ ሞተር ሳይክሉ አንዴ ከተነሳ አንዳች ሳይጎድለው ይሄዳል። «የሞተሪኖ ፍሪሲዮን» ብላችሁ ንገሩት፤ «ዋንዌይ» ብትሉትም የሚገባው አለ። በእግር ብቻ የሚነሱት፣ እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት የመስክ ሞተር ሳይክሎች፣ ይህ ዕቃ ከነጭራሹ የላቸውም። ባለቤቶቻቸው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ዘግተው ቡናቸውን መጠጣት ይችላሉ።

ድምፁን ማነጻጸር

ከሁሉ በፊት ጸጥ ያለ ቦታ ቁሙና አድምጡ።

አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ፍሪሲዮኗን አትጠርጥሩ። ባትሪ፣ የላላ የባትሪ ራስ፣ የዛገ የማሳ ገመድ፣ ሪሌ ወይም ራሱ ሞተሪኖው ነው። «ጠጠጠጠጠ» እያለ ከደጋገመው ባትሪው ደክሟል። እንደ ታማሚ «እህ... እህ... እህ...» እያለ በግድ ከዞረ ወይ ባትሪው ነው፣ ወይ የሞተሪኖው ካርቦን (ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው፣ እየተፋቀ የሚያልቀው) አልቋል። በነዚህ ሁሉ ሞተሪኖው ጉልበት አጥቷል እንጂ ጉልበቱ መንገድ ላይ አልጠፋም።

«ዝዝዝዝ» ግን ሌላ ነው። ፈጣንና ቀላል ድምፅ ነው፤ ሸክም የለበትም። እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ምልክት አለ። ስታርቱን ስትጫኑ መብራቱን ተመልከቱ። ሞተሪኖው ሞተሩን እየገፋ ከሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ መብራቱ ደንገዝ ይላል። ባዶውን እየዞረ ከሆነ ግን መብራቱ እምብዛም አይደክምም። አንዳንድ ሞዴሎች ስታርት ሲጫን የፊት መብራቱን ራሳቸው ያጠፋሉ፤ እንዲያ ከሆነ የዜሮ ማርሽዋን አረንጓዴ መብራት ተመልከቱ። የኔ ሞተሪኖ «ሞቷል» በተባለ ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ...

«ቋ!» የሚለው ድምፅ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሮለሩ ሲንሸራተት ቆይቶ ድንገት ነክሷል፣ ወይ ፍሪሲዮኗን ማግኔቱ ላይ የያዟት ቡሎኖች ላልተዋል። ሞተሩ ሥራ ላይ ሆኖም በግራ በኩል «ቀጭ ቀጭ» የሚል ነገር ካለ ሁለተኛውን ጠርጥሩ። ይህ አይቆይም። የላላ ቡሎን ከማግኔቱ ጀርባ ወጥቶ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ከሁሉ የሚከፋው ሞተሩ ከተነሳና እጃችሁን ከስታርቱ ካነሳችሁ በኋላም የሚቀጥል «ዊይይይይ» ነው። ፍሪሲዮኗ ነክሳ አልለቅም ብላለች። አሁን በተራው ሞተሩ ሞተሪኖውን እያዞረው ነው፤ ከተሠራበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ። ወዲያው አጥፉ። እንዲህ ሆኖ አሥር ኪሎ ሜትር መንዳት ሁለት ዕቃ መግዛት ነው።

ከመፍታት በፊት

የባትሪ መለኪያ ከሌላችሁ ተበደሩ። ሌሊቱን ያረፈ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.0 ካሳየ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስታርት ተጭኖ ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ 14 አካባቢ ከፍ ማለት አለበት፤ ካላለ ባትሪው አይሞላም።

ባትሪ ላይ ለምን እንዲህ እጮኻለሁ? ፍሪሲዮኗን ቀስ ብሎ የሚገድላት እሱ ስለሆነ ነው። ደካማ ባትሪ ፒስተኑን እስከ ላይ መግፋት ያቅተዋል። ፒስተኑ ሳይደርስ ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይተኩሳል። ያኔ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ኮሎውም በተቃራኒው ይዞራል፤ ሞተሪኖው ደግሞ ወደ ፊት እየገፋ ነው። ያ ሁሉ ምት ሦስቱ ሮለሮችና አንገቱ ላይ ያርፋል። በእግር ስታስነሱ ፔዳሉ ቅልጥም መትቷችሁ ካወቀ ያው ምት ነው። ባትሪው እየለመነ ስታርቱን ደጋግሞ መጫን ማለት ሮለሮቹን በመዶሻ መምታት ነው። ከአምስት ሰኮንድ በላይ አትጫኑ፤ ካልተነሳ ትንሽ አሳርፉት።

ሁለተኛው ፈተና ካንዴላውን ማውጣት ነው። ያወጣችሁትን ካንዴላ በራሱ ገመድ መልሳችሁ ሰኩና ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፉት። ከዚያ ስታርቱን ተጫኑ። አሁን የሚታመቅ አየር የለም፣ ሞተሩ ቀላል ነው። በቀዳዳው «ፕሽ ፕሽ» እያለ አየር ከወጣ ሞተሩ ዞሯል። ካንዴላው ሲመለስ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ ፍሪሲዮኗ ተበልታለች እንጂ አልሞተችም፤ ገና ምርጫ አላችሁ። ካንዴላው ወጥቶም «ዝዝዝ» ብቻ ከሆነ ወይ ሞላዎቹ ተሰባብረዋል፣ ወይ አንድ ጥርስ ረግፏል። ያኔ መክፈት ግድ ነው።

በእግር እያስነሱ መቆየት

ኪክ ያለው ሰው ቸኩሎ ብር አይበደር። የእግሩ ማስነሻ በማርሽ ሳጥኑ በኩል ነው የሚመጣው፤ የሞተሪኖዋ ፍሪሲዮን አያገባትም። ገፍቶ ማስነሳትም እንዲሁ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ጨብጦ መግፋት፣ መልቀቅ። ነዳጁ በኤሌክትሪክ የሚረጭላችሁ አዳዲሶቹ ላይ ግን ባትሪው ካለቀ መግፋትም አያዋጣም።

ሁለት ነገር ይህን ምርጫ ይሰርዘዋል። አንደኛው «ቀጭ ቀጭ» ወይም «ዊይይ» ካለ ነው። ሁለተኛው ሥራችሁ ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚያስነሳ የቢሮ ሠራተኛ ወር ሙሉ በኪክ ቢኖር ምንም አይሆንም። ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ግን በየበሩ እያጠፋ በቀን አርባ ጊዜ ይረግጣል። ጉልበቱም ቀኑም ያልቅበታል።

ዘይት መቀየር

ብዙ ሰው ይህን ይንቃል፤ መናቅ ግን የለበትም። ሮለሮቹ የሚሠሩት ዘይት ውስጥ ነው። ወፍራም ዘይት በብርድ ጠዋት እንደ ማር ይጓተታል። ሞላዋም ሮለሩን በጊዜ ወደ ጠባቡ አታደርሰውም። በዲላ ወይም በአዋሽ ሰባት ሙቀት 20ደብሊው-50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ምንም ላይል ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል። የሞተር ሳይክላችሁ መመሪያ ቀጠን ያለውን 10ደብሊው-40 ከፈቀደ ለደጋ እሱ ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል፣ ለሞተር ሳይክል መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ፈልጉ። ለመኪና ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ የሚያንሸራትት ቅመም አላቸው። እዚህ ደግሞ የምንፈልገው መንከስ ነው። የግራ እጁን ፍሪሲዮንም ጭምር ያንሸራትታሉ።

ዘይት መቀየር የሚያዋጣው መንሸራተቱ ጠዋት ብቻ ሲሆንና የዘይት መቀየሪያ ጊዜያችሁም ሲደርስ ነው። ለኔ አንድ ሳምንት ሠራ። ሦስት ጊዜ የሚንሸራተተው አንድ ጊዜ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ልማዱ ተመለሰ። አልተቆጨሁም፣ ዘይቱ ለማንኛውም መቀየር ነበረበት።

ናፍጣ ጨምራችሁ ሞተሩን አስነሱና «እጠቡት» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እኔ አላደርገውም። የሞላ ቆብ ላነጻ ብዬ ኮሎዬን አላስበላም።

ሮለር፣ ሞላና ቆብ ብቻ መለወጥ

ከሚገዙት ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። ዕቃው ከእጅ ሥራው ያንሳል። ሦስት ሮለር፣ ሦስት ሞላ፣ ሦስት ቆብ በአንድ ትንሽ ላስቲክ ታሽገው ይሸጣሉ። ታዲያ ይህ ምርጫ ልክ የሚሆነው አንገቱ ለስላሳ ከሆነና ሮለሮቹ የሚተኙበት ቦታ ካልተቦረቦረ ብቻ ነው።

አሮጌውን ሞላ በእጅ ስቦ ማስረዘምን ተዉት። ይሠራል፤ ለአንድ ሳምንት። ከዚያ ያ ሞላ ይሰበርና ቁርጥራጩ ዘይት ውስጥ ይገባል።

አንገቱ

አሁን ወደ አደራው። ሁለተኛው መካኒክ ሽበት የወረሳቸው ሰው ነበሩ። ማግኔቱን ነቅለው፣ ትልቁን ጥርስ በጨርቅ ጠርገው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እስቲ ጥፍርህን አሳልፍበት» አሉኝ።

አንገቱን በአውራ ጣቴ ጥፍር ከላይ ወደ ታች ዳሰስኩት። መሃሉ ላይ እንደ ቀለበት የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። ጥፍሬ መስመሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ያዘህ አይደል?»

«ያዘኝ።»

«እንግዲህ ሮለር ብቻ ከቀየርንልህ ከወር በኋላ ትመለሳለህ። እኔ ደግሞ ድጋሚ ልፈታው አልፈልግም፤ ወገቤን ያመኛል።»

የዚህ ሁሉ ንጽጽር ፍሬ ነገር ያቺ ጥፍር ናት። የሚያብረቀርቅ መስመር ብቻውን ችግር አይደለም፤ ሮለር ሲሄድበት የኖረ ብረት ያበራል። ጥፍር የሚይዝ እርከን፣ የተጠቀጠቀ ጉድጓድ ወይም ሰማያዊ የሆነ፣ በሙቀት የተቃጠለ ቀለም ካለ ግን አንገቱ ሄዷል። አዲስ ሮለር አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ሽብልቁ አይጠብቅም። የሮለሮቹን ቤት ብቻ አዲስ መግዛትም ያው ነው። አንገትና ቤት እንደ ወፍጮና መጅ አብረው ያረጃሉ፣ አብረው ይቀየራሉ።

ስለዚህ ሞተሩ ሳይከፈት ዕቃ አትግዙ። ማንም በስልክ «ሮለሩ ነው» ወይም «ሙሉው ነው» ቢላችሁ ገምቶ ነው። ክፈቱ፣ ዳስሱ፣ ከዚያ አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ስም ብቻ ተናግራችሁ ከመርካቶ የምታስመጡት ጥርስ በጥርሱ ቁጥር ገጥሞ በአንገቱ ውፍረት ሊለይ ይችላል። ካሊፐር ያለው ሻጭ ካገኛችሁ ሁለቱንም አስለኩት።

አዲስ ወይስ ከፈረሰ ሞተር የወጣ?

እዚህ ላይ ሁሉም አይስማማኝም። እኔ አንገቱ ለስላሳ የሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል ዕቃ ከማላውቀው አዲስ ኮፒ ይሻለኛል። አንገቱ በሙቀት የጠነከረ ብረት መሆን አለበት። ጥንካሬውን በዓይን ማየት አይቻልም፣ በሞረድ ግን ይቻላል። ሻጩ ከፈቀደ ሮለር የማይነካው የአንገቱ ጠርዝ ላይ ሞረድ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው። ከነከሰና ዱቄት ካወጣ ብረቱ አልጠነከረም፤ ሮለሮቹ በጥቂት ወራት ይቦረቡሩታል። ሻጩ ካልፈቀደ ለመመለስ ተስማምታችሁ ግዙ።

ያገለገለ ስትገዙ አንገቱንና ቤቱን ከአንድ ሞተር የወጡ አድርጉ። አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ መቀላቀል የሁለት ሰው ጫማ በግራና በቀኝ እንደ ማድረግ ነው።

ቶርኖ ቤት ወስዶ አንገቱን ማስላጥ የሚባል ነገርም አለ። ሲላጥ ይለሰልሳል፤ ግን ይቀጥናል። የቀጠነ አንገት ላይ ሮለሩ ወደ ጠባቡ ቢሄድም የሚይዘው አያገኝም። «ወፈር ያለ ሮለር እናስገባለት» ሲሏችሁ ደግሞ ሽብልቁ ከልክ በላይ ይጠብቅና «ዊይይ» ይመጣል። በብየዳ መሙላትማ ጭራሽ፤ እሳቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። አገራችን ላይ ቶርኖ የማያድነው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ይህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

ባለ ሦስት ሮለር ወይስ ባለ ብዙ?

ሱቅ ስትገቡ ለአንዳንድ ሞተሮች ሁለት ዓይነት ይቀርብላችኋል። አንዱ የለመድነው ባለ ሦስት ሮለር ነው። ሌላው በቀለበት ዙሪያ የተደረደሩ 16 ወይም 20 ትንንሽ መያዣዎች ያሉት ነው። ባለ ብዙው ሸክሙን ስለሚያካፍል ቶሎ ይነክሳል፣ አንገቱንም በአንድ ቦታ አይጎዳም። ምቱን የተሻለ ይችላል። የተበላሸ ቀን ግን እንደ ባለ ሦስቱ ሞላዋን ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ቀለበቱ እንዳለ ይጣላል። ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይይዛል። ገዝታችሁ፣ አስገጥማችሁ፣ ሞተሩ ተዘግቶ፣ ዘይት ተሞልቶ «ዝዝዝ» ካለ ወይ ጉድ ነው።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፦ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ሰው ባለ ብዙውን ይውሰድ፤ የቡሎኑ ቀዳዳና የአንገቱ ልክ ከገጠመለት። ራቅ ያለ ወረዳ የሚሠራ ሰው ባለ ሦስቱ ይሻለዋል። እዚያ ቆብና ሞላ በኪስ ይዞ መሄድ ይቻላል።

የሚፈታበት ቀን

ከቻላችሁ አጠገቡ ሁኑ። ዘይቱ ይውረድ፤ በጎን ማቆሚያው ተደግፎ ከተከፈተ ዘይቱ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ማግኔቱ በመንቀያው ይውጣ፣ በመዶሻ አይደለም። መዶሻ ውስጡ የተጣበቁትን ማግኔቶች ይሰነጥቃል፤ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን (በክዳኑ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ) ቀድማችሁ ግዙ።

ቤቱ ሲወጣ ቁጠሩ። ሦስት ሮለር፣ ሦስት ሞላ፣ ሦስት ቆብ፤ ዘጠኝ። ስምንት ከሆነ ዘጠነኛውን ሳታገኙ ሞተሩ አይዘጋ። የኔዋ አንዲት ሞላ ሁለት ቦታ ተሰብራ ነበር። ግማሿን ያገኘናት ዘይት ያወረድንበት ሳህን ውስጥ ነው፣ በማግኔት ብረት ስንዳስስ።

ሲገጠም የፍሪሲዮኗ ቡሎኖች በደንብ ተጠርገው የቡሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያግኙ። «እኔ አጥብቄዋለሁ አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ካለ እናንተው ማጣበቂያውን ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ የሚገባበት የኮሎው ሾጣጣ ጫፍ ዘይት የሌለበት ደረቅ ይሁን። ማግኔቱን በቦታው የምትይዘው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሿ ብረትም ትታይ። እሷ ከተቆረጠች ካንዴላው ያለ ጊዜው ይተኩሳል፤ ምቱም አዲሷን ፍሪሲዮን ይበላታል።

ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው ፈተና የእጅ ነው። ማግኔቱን በአንድ እጅ ያዙ፣ ትልቁን ጥርስ በሌላው አዙሩ። በአንድ በኩል እንደ ቅቤ ይዞራል። በሌላው በኩል ሳይንሸራተት ወዲያው ይይዛል። አሥር ጊዜ ሞክሩት። አንዴ እንኳ ካመለጠ አይዘጋ።

እኔ ጥርሱንም ቤቱንም ያገለገለ ገዛሁ፣ ሮለርና ሞላውን አዲስ። ሽማግሌው ሊያስረክቡኝ ሲሉ ባትሪውን ለኩ። 11.9። ቀና ብለው አዩኝ እንጂ ምንም አላሉም። እሱንም ቀየርኩ። ይኸው ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል፤ ጠዋት አንዴ ስነካው ይነሳል። «ሞቷል» የተባለው የድሮው ሞተሪኖ አልጋ ስር ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ባለፈው ፈትቼ አየሁት። ካርቦኑ ገና ግማሹ አላለቀም።